ነፋስ ሲበረታ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ለምን ይቆማሉ? ለምሥራቅ አፍሪካስ ምን ማለት ነው?

አርብ ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. (እአአ ሴፕቴምበር 6/2024) ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላይ፣ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የሱስዋ ማከፋፈያ ጣቢያ አንድ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ተቋረጠ። መስመሩ በዚያች ደቂቃ ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ይዞ ይመጣ ነበር። ወዲያውኑም ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ያስተላልፍ ከነበረው 200 ሜጋ ዋት ጋር ተከትሎት ወጣ። የኬንያ የኢነርጂ ሚኒስትር ኦፒዮ ዋንዳዪ ባወጡት መግለጫ፣ አገሪቱ በጥቅሉ 488 ሜጋ ዋት በቅጽበት ማጣቷን አስታውቀዋል። አብዛኛው የኬንያ ክፍልም መብራት አልባ ሆነ።

ክስተቱ ለኬንያውያን አዲስ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እአአ ኦገስት 25/2023 ምሽት፣ አገሪቱ ለረዥም ሰዓታት ጨለማ ውስጥ ገብታ ነበር። የናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር መጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ባለመነሳቱ መንገደኞች በጨለማ ተቀምጠው ታይተዋል። የኤሌክትሪክ ባለሥልጣናት ጣታቸውን የቀሰሩት በቱርካናው ማመንጫ ላይ ነበር። ኩባንያው በበኩሉ የችግሩ መነሻ እሱ እንዳልሆነ ገልጾ፣ በብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ላይ ቮልቴጅ ከመጠን በላይ በመጨመሩ ተርባይኖቹ ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲሉ እንደቆሙ አስረዳ።

በሁለቱ ወገኖች መካከል የተነሳው ክርክር ከኬንያ ድንበር የሚያልፍ ጥያቄ አዝሏል። ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ጂቡቲ ከነፋስ የሚያገኙትን ኃይል ለማሳደግ በሚጥሩበት በዚህ ወቅት፣ የነፋስ ተርባይን በምን ምክንያት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚሰበርና በሚቆምበት ጊዜ ማን ክፍተቱን እንደሚሸፍን ማወቅ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ነፋሱ በእጥፍ ሲጨምር፣ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል

ኃይለኛ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን የቆመ ተርባይን ያየ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነፋስ የተርባይን ነዳጅ ከሆነ፣ ነዳጁ በበዛበት ሰዓት መቆም እንቆቅልሽ ይመስላል። መልሱ የሚገኘው በነፋስ ጠባይ ውስጥ ነው።

በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 12 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ወደ 24 ሜትር ከፍ ቢል፣ በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው ኃይል ስምንት ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ያንን ሁሉ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ጄኔሬተር፣ የሚሸከም ዘንግና የሚያጸና ማማ መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ነፋስ በዓመት ውስጥ የሚነፍሰው ለጥቂት ሰዓታት በመሆኑ ወጪው ትርፉን ይውጠዋል።

በዚህም የተነሳ አብዛኞቹ ትላልቅ ተርባይኖች በሦስት ወሰኖች ይሠራሉ። ነፋሱ በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ሲደርስ ማመንጨት ይጀምራሉ። ከ12 እስከ 16 ሜትር ባለው መካከል ሙሉ አቅማቸው ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ነፋሱ ቢጨምርም ክንፎቹ በየራሳቸው ዘንግ ላይ ጥቂት በጥቂት እየዞሩ ትርፉን ኃይል እንዲያልፍ ያደርጉታል። ነፋሱ በሰከንድ ወደ 25 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ግን ክንፎቹ ስለታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ተርባይኑ ሥራውን ያቆማል።

እንግዲህ በብርቱ ነፋስ መቆም ብዙውን ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ መከላከያ ነው። በማዕበል ጊዜ መርከብ ሸራዋን እንደምትጠቀልል ሁሉ፣ ተርባይኑም ክንፉን ከነፋሱ ያሸሻል። ነፋሱ ጋብ ብሎ፣ በብዙ ተርባይኖች ላይ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስም አይነሳም። በደረጃ አንድ የሚመደቡ ተርባይኖች ቆመው ሳሉ በሰከንድ 70 ሜትር የሚደርስ ቅጽበታዊ የነፋስ ግፊት እንዲቋቋሙ ሆነው ይነደፋሉ።

መቆም ሲያቅተው

እውነተኛው አደጋ የሚመጣው ተርባይኑ መቆም ሲገባው መቆም ሲያቅተው ነው። እአአ በፌብሩዋሪ 2008 በዴንማርክ ሆርንስሌት አካባቢ የደረሰው አደጋ በቪዲዮ የተቀረጸ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። በማዕበል መካከል የአንድ ተርባይን ፍሬን ከሸፈ፤ ክንፎቹ ከቁጥጥር ውጪ ተሽከረከሩ፤ አንደኛው ክንፍ ተሰብሮ ማማውን መታው፤ ማማውም ለሁለት ተቆርጦ ወደቀ።

ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ በሚሰጥበት ሰዓት ለክንፎቹ እንደ ሸክም ያገለግላል፤ ሽክርክሪቱንም ይገታል። ማስተላለፊያው መስመር በድንገት ከተቋረጠ ያ ሸክም ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ ማርሹ እንደወጣበት መኪና፣ ክንፎቹ በሰከንዶች ውስጥ ይፈጥናሉ። በዚያች ቅጽበት ክንፎቹን ከነፋሱ የሚያዞረው ሥርዓት የግድ መሥራት አለበት። ከመረቡ ኤሌክትሪክ ስለማያገኝም በራሱ ባትሪ ወይም በታመቀ የዘይት ግፊት ይንቀሳቀሳል። ባትሪው ካረጀ፣ ዘይቱ ካፈሰሰ ወይም ቁልፍ የሆነ መለዋወጫ ከጎደለ መከላከያው አይኖርም።

የጃፓኗ ሚያኮ ደሴት እአአ በሴፕቴምበር 2003 የገጠማት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ማኤሚ የተሰኘው አውሎ ነፋስ በሰከንድ 74 ሜትር የደረሰ ቅጽበታዊ ፍጥነት ይዞ ደሴቲቱን ሲመታ፣ ከስድስት ተርባይኖች ሦስቱ ወድቀዋል፤ ቀሪዎቹም ተጎድተዋል። በእንዲህ ያለ ማዕበል የነፋሱ አቅጣጫ በሰዓታት ውስጥ ይገለበጣል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ተርባይን ደግሞ ፊቱን ወደ ነፋሱ ማዞር አይችልም፤ ስለዚህም ምቱን በጎኑ ይቀበላል።

ከእነዚህ ክስተቶች የሚወጣው ቁም ነገር፣ ነፋስ ብቻውን ተርባይን የሚሰብርበት አጋጣሚ ጥቂት መሆኑ ነው። ብርቱ ነፋስ ቀድሞ የነበረን ድክመት ያጋልጣል። የላላ ብሎን፣ በመብረቅ የተሰነጠቀ ክንፍ፣ ያረጀ ፍሬን፣ በአሸዋ የተፈገፈገ የክንፍ ጠርዝና በወቅቱ ያልተቀየረ ዘይት በመልካም ቀን ላይታዩ ይችላሉ። ነፋሱ በበረታ ቀን ግን ዋጋ ያስከፍላሉ።

የደቡብ አውስትራሊያ ትምህርት

በኬንያ የታየው ዓይነት መጥፋት በሌላ አህጉር በጥልቀት ተመርምሯል። እአአ ሴፕቴምበር 28/2016 ደቡብ አውስትራሊያን የመታው ማዕበል የከፍተኛ ኃይል መስመር ምሶሶዎችን ጣለ። በመስመሮቹ መውደቅ ምክንያት የመረቡ ቮልቴጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። በዚህ ጊዜ ዘጠኝ የነፋስ ማመንጫዎች ምርታቸውን በ456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ክፍተቱን ለመሙላት ከአጎራባቿ ቪክቶሪያ ግዛት በሚመጣው መስመር ላይ የተጫነው ኃይል ከአቅሙ በላይ ሆነ፤ እሱም ተቋረጠ። ወደ 850 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች ኤሌክትሪክ አጡ።

በቀጣዮቹ ቀናት ፖለቲከኞች ነፋስን ኮነኑ። የአገሪቱ የኢነርጂ ገበያ ኦፕሬተር ምርመራ ግን የተለየ መልስ ሰጠ። ተርባይኖቹ አልተሰበሩም፤ በነፋሱ ፍጥነት ምክንያት የቆሙትም የመረቡ መውደቅ ዋና ምክንያት አልነበሩም። ጥፋቱ የተገኘው በመቆጣጠሪያ ፕሮግራማቸው ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ የቮልቴጅ መዋዠቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከተደጋገመ ተርባይኑ ራሱን እንዲያገል ያዝዛል። ይህ ልክ መኖሩን የመረቡ ተቆጣጣሪዎች ከአደጋው በፊት አያውቁም ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ልኩ እንዲስተካከል ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በግዛቲቱ 100 ሜጋ ዋት መስጠት የሚችል ግዙፍ ባትሪ ተተከለ። ባትሪው ድንገተኛ ክፍተት ሲፈጠር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኃይል በመልቀቅ፣ ሌሎች ማመንጫዎች እስኪደርሱ ድረስ መረቡን ይዞ ያቆያል።

ነፋስ የማይታክትበት ሸለቆ

በኬንያው ማርሳቢት ግዛት በሎያንጋላኒ አካባቢ የሚገኘው የቱርካና ሐይቅ ማመንጫ 365 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዳቸው 850 ኪሎ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖራቸው፣ የጣቢያው ጠቅላላ አቅም 310 ሜጋ ዋት ነው። በአፍሪካ ካሉት ትላልቅ የነፋስ ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ እአአ በጁላይ 2019 በይፋ መርቀውታል።

ቦታው የተመረጠበት ምክንያት በመልክዓ ምድሩ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው አየር በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ባለው ጠባብ ሸለቆ ሲያልፍ ይጨመቃል፤ ይፈጥናልም። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህን ክስተት የቱርካና የነፋስ ጅረት ይሉታል። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ አቅጣጫ ስለሚነፍስ ለተርባይን የተመቸ ነው፤ ሚያኮን የመታውን ዓይነት አቅጣጫ ቀያሪ አውሎ ነፋስም አያውቅም።

ነገር ግን ጅረቱ የሚበረታው ሌሊትና ማለዳ ላይ ነው። በእነዚያ ሰዓታት አብዛኛው ኬንያዊ ተኝቶ ስለሚገኝ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ዝቅተኛ ይሆናል። በዚህ ላይ ኃይሉ ወደ ገበያ የሚደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ አንድ መስመር ነው። መስመሩ ራሱ በመዘግየቱ ተርባይኖቹ ተተክለው ካለቁ በኋላ ያለሥራ ቆመው የኬንያ መንግሥትን ለከፍተኛ ቅጣት ዳርገውት ነበር።

ከፍተኛ ፍላጎቱ ከ2 ሺህ ሜጋ ዋት ጥቂት በሚያልፍ መረብ ውስጥ፣ ወደ 300 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ኃይል በአንድ መስመር መጓዙ ትልቁ ተጋላጭነት ነው። የመስመሩ መቋረጥ በነፋስ፣ በመብረቅ ወይም በማከፋፈያ ጣቢያ በተፈጠረ ስህተት ሊመጣ ይችላል። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ውጤቱ አንድ ነው። የመረቡ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል፤ ሌሎች ማመንጫዎችም ራሳቸውን ለመጠበቅ እየተከታተሉ ይወጣሉ። በጳጉሜኑ ክስተት ከኢትዮጵያ የሚመጣው መስመር መከተሉ ሰንሰለቱ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳያል።

ከአሸጎዳ እስከ ጉቤት

ኢትዮጵያ ከነፋስ ኃይል ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታለች። በአዳማ አካባቢ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው ምዕራፍ 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ከመቀለ ወጣ ብሎ የሚገኘው የአሸጎዳ ማመንጫ 84 ተርባይኖች ይዞ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ እአአ በ2013 ተመርቋል። በሶማሌ ክልል አይሻ እና በአርሲ አሰላ አካባቢም ሌሎች ፕሮጀክቶች ተጀምረዋል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትሱ አሜአ ፓወር በአይሻ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ተጨማሪ ጣቢያ ለመገንባት ስምምነት ፈርሟል።

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ለተርባይን አንድ ስውር ጥቅም አላቸው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በአሸጎዳ አካባቢ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። በመሆኑም በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ክንፎቹን የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል። በሌላ በኩል ያው የሳሳ አየር የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው። ደጋው መብረቅ የሚበዛበት መሆኑም የክንፎቹን የመብረቅ መከላከያ በየጊዜው መፈተሽን ግድ ይላል። በቆላማው አይሻ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ዋነኞቹ ባላንጣዎች ናቸው።

ለኢትዮጵያ ትልቁ ፈተና ከነፋሱ ይልቅ ጥገናው ነው። አሸጎዳ ላይ የሁለት አምራቾች፣ የቬርኜና የአልስቶም፣ ተርባይኖች ተተክለዋል። በአዳማ ደግሞ ሁለቱ ምዕራፎች ከሁለት የተለያዩ የቻይና አምራቾች የመጡ ናቸው። የመለዋወጫ ዓይነቱ፣ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙና የጥገና መመሪያው እንደ አምራቹ ይለያያል። አምራቹም ለሁልጊዜ አይኖርም፤ የአልስቶም የኃይል ዘርፍ እአአ በ2015 ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተዛውሯል። በትግራይ የተካሄደው ጦርነት በአሸጎዳ ሥራ ላይ ያደረሰው መስተጓጎል ሲታከልበት፣ ለሃያ ዓመት ታስቦ የተተከለ መሣሪያ ከዕድሜው በፊት ሊዳከም እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጥገና የጎደለው ተርባይን በተለመደ ነፋስ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ የሚፈተነው ግን ነፋሱ በሚበረታበት፣ መስመሩም በሚቋረጥበት ቅጽበት ነው።

ጎረቤት ጂቡቲ እአአ በሴፕቴምበር 2023 በጉቤት አካባቢ 17 ተርባይኖች ያሉትን የ60 ሜጋ ዋት ማመንጫ አስመርቃለች። ለረዥም ጊዜ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከኢትዮጵያ ስትገዛ ለቆየች ትንሽ አገር፣ 60 ሜጋ ዋት ከጠቅላላ ፍላጎቷ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። የጉቤት ተርባይኖች በድንገት ቢቆሙ ክፍተቱን በፍጥነት ሊሞሉ ከሚችሉት ምንጮች ዋነኛው ከኢትዮጵያ የሚመጣው መስመር ነው። አንዱ አገር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የሌላው አገር ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ውኃና ነፋስ

ቀጣናው በሌላ በኩል ብዙ አገሮች የሚመኙት ሀብት አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። እአአ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። የውኃ ተርባይን እንደ ከሰል ማመንጫ ለሰዓታት መሞቅን አይሻም፤ ምርቱን በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ መጨመር ወይም መቀነስ ይችላል። በዚህም ተለዋዋጭ ለሆነው ነፋስ ተስማሚ አጋር ነው።

ወቅቶቹም ይደጋገፋሉ። በኢትዮጵያ ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ሲሆን፣ በአብዛኛዎቹ የነፋስ ጣቢያዎች ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው። ነፋሱ ሲሠራ ውኃው በግድቡ ይጠራቀማል፤ ነፋሱ ሲቆም ውኃው ይለቀቃል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውና እስከ 2 ሺህ ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው መስመር፣ የቱርካናን ነፋስ ከኢትዮጵያ ግድቦች ጋር ሊያስተሳስር የሚችል ድልድይ ነው።

ድልድዩ የሚጠቅመው ግን ችግር ሲመጣ ከቆመ ብቻ ነው። በጳጉሜን 2016ቱ ክስተት መስመሩ ለኬንያ እጅግ ባስፈለገበት ሰዓት መውጣቱ አሳሳቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። የደቡብ አውስትራሊያው ምርመራ እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለው ድክመት አንዳንድ ጊዜ የሚወገደው በቢሊዮን በሚቆጠር ገንዘብ ሳይሆን በመቆጣጠሪያ ልኮች ማስተካከያ ነው። ለዚያ ግን ልኮቹ መታወቅ አለባቸው። እያንዳንዱ ማመንጫ በየትኛው ቮልቴጅ፣ በስንተኛው መዋዠቅና በየትኛው የነፋስ ፍጥነት ራሱን እንደሚያገል የመረቡ ተቆጣጣሪ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። መረቦቹ ድንበር ተሻጋሪ በመሆናቸውም መረጃው ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢና ከጂቡቲ ተቆጣጣሪዎች መሰወር የለበትም።

አዳዲስ ተርባይኖችም የሚያግዙ አማራጮች ይዘው መጥተዋል። አንዳንድ አምራቾች ነፋሱ 25 ሜትር ላይ ሲደርስ በአንዴ ከማቆም ይልቅ ምርቱን ቀስ በቀስ የሚቀንስ የማዕበል መቆጣጠሪያ ያቀርባሉ። ይህም በመቶ ሜጋ ዋት የሚቆጠር ኃይል በቅጽበት ከመጥፋት ይልቅ በደቂቃዎች ውስጥ ጥቂት በጥቂት እንዲወርድ ያስችላል። ለመረቡ ተቆጣጣሪ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ የመጀመሪያው ድንገተኛ አደጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሊዘጋጅበት የሚችለው ለውጥ ነው። አገሮች አዲስ ውል ሲፈርሙ ስለ ዋጋና ስለ ሜጋ ዋት ብቻ ሳይሆን፣ ስለዚህ መቆጣጠሪያ፣ ስለ መለዋወጫ አቅርቦትና ስለ ባለሙያ ሥልጠናም መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄው የሚነካው ብዙ ሰው ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል በጄኔሬተር ላይ ይንጠለጠላል፤ የውኃ መሳቢያ ይቆማል፤ በሞባይል ገንዘብ የሚገበያየው ነጋዴ ስልኩን የሚሞላበት ያጣል። በእንዲህ ያለው ሰዓት ነፋስን ወይም አንድን ኩባንያ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ነፋስ መብረቱና ተርባይን በዚያ ሰዓት መቆሙ የሚጠበቅ ነገር ነው። ቀጣናው የሚጨምረው እያንዳንዱ አዲስ ማማ ተጨማሪ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ በቆመ ቁጥር ሊሸፈን የሚገባው ተጨማሪ ክፍተትም ይዞ ይመጣል። ለዚያ ክፍተት የሚደረገው ዝግጅት ደግሞ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።